አባባ፣ መስመር አለ ወይ?

እኛ ቤት ኮምፒውተር ከመከፈቱ በፊት አባቴ ይጠየቃሉ። «አባባ፣ መስመር አለ ወይ?» እላቸዋለሁ። ከወንበራቸው ሳይነሱ እጃቸውን ወደ ስልኩ ይሰዱና እጀታውን አንስተው ጆሯቸው ላይ ያደርጋሉ። ትንፋሻቸውን ያዝ አድርገው ያዳምጣሉ። ከዚያ «አለ» ወይም «የለም» ይላሉ። «የለም» ካሉ ኮምፒውተሩ እንደተሸፈነ ይውላል፤ «አለ» ካሉ ዳንቴሉን ገልጬ ሥራዬን እጀምራለሁ። ሌላ ሰው ቤት እንዲህ እንደማይደረግ አላጣሁትም። ሌላ ሰው ቤት ግን ዕድሜውን ሙሉ የስልክ እንጨት ሲወጣ የኖረ አባት የለም።

አባቴ የስልክ መስመር ሠራተኛ ነበሩ። ከአስኮ እስከ አየር ጤና እኔ ያልወጣሁት እንጨት የለም ይላሉ፤ ትንሽ ሳያጋንኑ አይቀሩም። ቀበቷቸውን ታጥቀው ላይ ወጥተው፣ የመፈተሻ ስልካቸውን ሽቦው ላይ ቆንጥጠው፣ መስመሩ ይሙት ይኑር የሚለዩት በጆሯቸው ነበር። «ዝናብ የገባበትን ሽቦና አይጥ የበላውን ሽቦ በድምፁ እለያለሁ» የሚሏት ነገር አለቻቸው፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ትነገራለች። እናቴ በሕይወት ሳለች «እስቲ ደግሞ የአይጡን ንገራቸው» እያለች ታሾፍባቸው ነበር። እናቴ ካረፈች በኋላ ቤቱ ውስጥ የቀረነው እሳቸውና እኔ ነን።

የምሠራበት ድርጅት ሲዘጋ ጸሐፊነቴም አብሮ ተዘጋ። ቤቴ ተቀምጬ የሰው ጽሑፍ መተየብ ጀመርኩ። ኮልፌ አስራ ስምንት ማዞሪያ ጀርባ ነው ቤታችን፤ በአካባቢው የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያስተይብ ተማሪ አይጠፋም። ኢንተርኔቱን ያስገባነው ያኔ ነው፣ በዚያው በስልኩ ሽቦ። ከስልኩ ጀርባ አንዲት ሞደም ተቀመጠች። አራት ትንንሽ መብራቶች አሏት፤ ሦስተኛዋ ከበራች ኢንተርኔት ገብቷል ማለት ነው፣ ከጠፋች የለም። ለአባቴ ግን መብራት ቆጠራው ሁሉ ትርፍ ነገር ነበር። ሽቦው አንድ ነው፤ ድምፅ ካለ መስመር አለ፣ መስመር ካለ ኢንተርኔት አለ። ለዓመታት እውነትም እንደዚያው ሆነ። ሲጠፋ ሁለቱም አብረው ይጠፋሉ፣ ሲመጣም አብረው ይመጣሉ። አባቴም አንድም ቀን ሳይሳሳቱ ቆዩ።

ደግሞስ መብራቷን በምን ዓይናቸው ያዩታል? ግራ ዓይናቸው ከጨለመ ቆይቷል። ቀኙ ከዳር ከዳር እየጠበበ መጥቶ ሰውን የሚያዩት በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ነበር። ሐኪሙ ግላኮማ ነው አለን። የጠፋው አይመለስም፣ የቀረችውን ለማቆየት ግን ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል፣ ከዘገየ እሷም ትሄዳለች አለን። አባቴ ይህን ሲሰሙ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አዙረው አዙረው «የቀረችው ትበቃኝ ነበር» አሉ። 

እኔ ቁጡ ሰው ነኝ። ከታክሲ ረዳት ጋር እጣላለሁ፣ ከጎረቤት ጋር እጣላለሁ፣ ከተማሪ ጋር በነጠላ ሰረዝ እጣላለሁ። አባቴን ብቻ ነው የምፈራው፤ እሳቸውን ደግሞ የምፈራው ስለሚቆጡ አይደለም፣ ስለሚያዝኑ ነው። አንድ ክረምት «አለ» ካሉኝ በኋላ ኮምፒውተሩ እንቢ ሲለኝ ከወንበሬ ተነስቼ ሞደሟን አየሁ። ወንበሩ ሲንቋቋ ሰሙ። «ጆሮዬም ሄደ ልትይ ነው?» አሉኝ። «ኧረ አባባ፣ አቧራ ልጠርግ ነው» አልኩ። ያን ጊዜ ሞደሟ ደህና ነበረች፤ ጥፋቱ ከኮምፒውተሩ ነበር። አባቴ ግን ሦስት ቀን ስልኩን ሳይነኩ፣ ምግባቸውንም በወጉ ሳይበሉ ሰነበቱ። ከዚያ ወዲህ እሳቸው «አለ» ካሉ በኋላ ተነስቼ ሞደም አይቼ አላውቅም። እሳቸው በተቀመጡበት ማየት፣ ሰው አፍ ላይ ያለን ቃል ቀምቶ እንደመጣል ሆነብኝ።

ነገሩ የመጣው ከዚህ ነው።

ዘነበወርቅ አካባቢ ወዳለ አንድ የዓይን ክሊኒክ ከውጭ ሐኪሞች ሊመጡ ሆነ። ሦስት ቀን ብቻ ይሠራሉ፤ ከዚያ ይሄዳሉ። የአባቴ ሐኪም ደብዳቤ ጻፈልን። ደብዳቤውን ስካን አድርጋችሁ ከተሞላው ቅጽ ጋር በኢሜይል እስከ ዓርብ ላኩ፣ የተመረጠ ሰው እስከ ቀጣዩ ረቡዕ ድረስ በስልክ ይጠራል ተባለ። ቅጹ ላይ የቤቱን ስልክ ቁጥር የሞላሁት አባቴ ስላሉ ነው። «ሞባይል ይነጠቃል፣ የቤት ስልክ ግን ከቦታው አይሄድም» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ የእኔ ስማርት ስልክ ታክሲ ስሳፈር ከእጄ ከተነጠቀ ወር አልሞላውም ነበር። በቁልፍ ስልክ ነበር የምንቀሳቀሰው። ስለዚህ ለመላክ ያለኝ ኮምፒውተሩ ብቻ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ግድም ሁሉን አዘጋጅቼ ተቀመጥኩ። ደብዳቤው አለ፣ ቅጹ አለ፣ የአባቴ ስም ከነአያታቸው በትክክል ተጽፏል።

«አባባ፣ መስመር አለ ወይ?»

አነሱ፣ አዳመጡ። ፊታቸው ፈካ አለ። «አለ» አሉ፤ «ዛሬስ ጥርት ያለ መስመር ነው።»

የኮምፒውተሩ ጥግ ላይ አንዲት ቢጫ ምልክት ነበረች። አይቻታለሁ። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ እዚህ ላይ ግን ካልጻፍኩት ሌላውን ሁሉ ባልጽፈው ይሻላል። ምልክቷን አየኋት፣ ኢንተርኔት የለም ማለት እንደምትሆንም ጠረጠርኩ። ተነስቼ ሞደሟን ለማየት ሦስት እርምጃ ነበር የሚበቃኝ። አባቴ እጀታውን ገና አላስቀመጡትም። ለዓይናቸው የሚሆነው ደብዳቤ ሊላክ በራሳቸው ጆሮ መስክረው ደስ ብሏቸው ተቀምጠዋል። በዚያች ሰዓት ወንበር ማንቋቋት አቃተኝ።

እናም ለራሴ ሌላ ምስክር ፈለግሁ። የኢሜይል ፕሮግራሙን ከፈትኩት፤ ደብዳቤዎቼ ከላይ እስከ ታች ተደርድረዋል። ይኸው፣ ኢንተርኔት ባይኖር ይሄ ሁሉ ከየት ይመጣል አልኩ። ያየሁት ትናንት የገባውን፣ ኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ የተቀመጠውን መሆኑን አላሰብኩም፤ ወይም ማሰብ አልፈለግሁም። «ላክ» የሚለውን ተጫንኩ። ደብዳቤው ከፊቴ ጠፋ።

«ተላከ፣ አባባ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉና እጀታውን ቀስ ብለው በቦታው አስቀመጡት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ ከስልኩ አልተለዩም። እሑድ ቅዳሴ ቀሩ፤ ይህ በእሳቸው ዕድሜ የሚደረግ ነገር አልነበረም። ሰኞ ጢማቸውን ተላጩ፣ በስልክ የሚጠራቸው ሰው የሚያያቸው ይመስል። አንድ ጊዜ ተደወለና ሁለታችንም ብድግ አልን፤ ለቅሶ ለመድረስ ሰዓት የጠየቀች የዕድር ጎረቤታችን ነበረች። አባቴ ንግግሯን አላስጨረሷትም። «መስመሩን አትያዢብን፣ የምንጠብቀው ሰው አለ» ብለው ዘጉት። በየሰዓቱ እያነሱ ያዳምጡ ነበር፤ መስመሩ ይሙት ይኑር ለማየት። እኔ ደግሞ እሳቸው ባነሱበት ቅጽበት ቢደወልስ እያልኩ እፈራ ነበር። በሁለታችን መካከል ያለው ፍርሃት ይሄ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ረቡዕ መሸ። ማንም አልደወለም።

ሐሙስ ጠዋት መልስ በኢሜይል መጥቶ ይሆናል ብዬ ተቀመጥኩ። ያን ሳምንት የአንድ ተማሪ ጽሑፍ ይዤ ኢንተርኔት አላስፈለገኝም ነበር። «አባባ፣ መስመር አለ ወይ?» አልኩ፤ «አለ» አሉ። ኢሜይሉን ከፈትኩት። ካለፈው ሳምንት ረቡዕ ወዲህ አንድም ደብዳቤ አልገባም። ከክሊኒኩ ብቻ ሳይሆን ከማንም። በየቀኑ ሳልፈልገው የሚመጣው ማስታወቂያ እንኳን አልነበረም።  በስተግራ በኩል «ያልተላኩ» የሚል ቦታ አለ፤ ከጎኑ አንድ ቁጥር ነበር፤ አንድ። ከፈትኩት። የአባቴ ስም ከነአያታቸው በትክክል ተጽፎ ቁጭ ብሏል።

ያኔ ተነሳሁ። ወንበሩ ተንቋቋ። ከስልኩ ጀርባ አጎንብሼ አየሁ። ሦስተኛዋ መብራት ጠፍታለች።

«ምነው ልጄ?» አሉ አባቴ።

«ምንም አይደለም፣ አባባ። ወደ ክሊኒኩ ብቅ ብዬ ልጠይቅ።»

ደብዳቤውን በወረቀት ያዝኩና ወጣሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ፤ ስምንት ቀን ሙሉ ተኝቼ ያን ዕለት መሮጥ አማረኝ። ከማዞሪያው እስከ ጦር ኃይሎች ታክሲው መንገዱን ሁሉ እየቆመ ጫነ፣ አወረደ። ረዳቱን «ምን ታስቆመዋለህ፣ ሰው ሊሞትብኝ ነው» አልኩት። «ማን ነው የታመመብሽ እህቴ?» ሲለኝ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ከጦር ኃይሎች ዘነበወርቅ በሌላ ታክሲ ውስጥ ቆሜ፣ በታጠፈ አንገት ደረስኩ።

መዝገብ ላይ የተቀመጠችው ጠና ያለች፣ ረጋ ያለች ሴት ነበረች። ስሙን ነገርኳት፤ ከላይ እስከ ታች በጣቷ ወረደችበት፤ ሁለተኛ ወረደችበት።

«በዚህ ስም የገባ የለም፣ እህቴ።»

«ልኬያለሁ እኮ። ሐሙስ ጠዋት ነው የላክሁት።»

«ምላሽ ደርሶሻል? ለላከ ሰው ሁሉ ደርሶናል ብለን በዚያው ቀን መልሰናል።»

ምላሽ መጠበቅ እንዳለብኝ እንኳን አላወቅሁም ነበር። ጮህኩባት። ምን እንዳልኳት ዛሬ አላስታውስም፤ የማስታውሰው አለመቆጣቷን ነው። ውሃ አምጥታ ሰጠችኝ። ጩኸቱ ሲያልቅብኝ አለቀስኩ፣ ለቅሶው ሲያልቅብኝ እግሯ ሥር ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። ከሰዓት በኋላ ሐኪም ዘንድ አስገባችኝ። ሐኪሙ ዝርዝሩ ሞልቷል አለኝ፤ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ለሦስቱም ቀን። «በተጠባባቂ እይዛቸዋለሁ» አለ። «በዕለቱ ስኳሩ ወይም ግፊቱ ከፍ ብሎ የተገኘ ሰው አይሠራለትም። ያኔ በእሱ ቦታ ተጠባባቂ እናስገባለን። ግን አባትሽ ራሳቸው እዚህ መገኘት አለባቸው፤ ሰው እስኪመጣ አንጠብቅም።»

ቤት ስገባ አባቴ ስልኩ አጠገብ ነበሩ። «ምን አሉ?» አሉኝ።

«ዝርዝሩ ገና አልተጠናቀቀም። ሰኞ ሄጄ እጠይቃለሁ።»

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ደጋግሜ ራሴን ጠይቄያለሁ። አባቴን ሰኞ ይዤ ብሄድ መዝገቧ ሴትዮ ፊት መቅረባቸው አይቀርም። በዚህ ስም የገባ የለም የሚለውን ይሰማሉ። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ምን እንደሚሆን አውቃለሁ፤ በስንት ሰዓት ላክሽው ብለው ይጠይቁኛል፣ ያን ሰዓት ደግሞ በራሳቸው ጆሮ ያስታውሱታል። ዓይኑ የሄደበትን ሰው፣ ዓይንዎን ያሳጣዎ ጆሮዎ ነው ብዬ ልነግራቸው ነው። ካፈርኩ አይመልሰኝ እንዲሉ፣ ሰኞ ብቻዬን ሄድኩ። ሰው ቢቀር ወደ ጎረቤት ስልክ ደውዬ በኮንትራት ታክሲ አስመጣቸዋለሁ አልኩ። ሐኪሙ አንጠብቅም ያለውን ሰምቻለሁ፤ ግን የጨነቀው እርጉዝ ያገባል።

በመንገዴ ቤተ ክርስቲያን ተሳለምኩ። ከግቢው በር ላይ ሆኜ የተሳልኩትን ስለት እስከ ዛሬ ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። «አንድ ሰው ቢቀርልኝ ጃንጥላ አገባለሁ» ነው ያልኩት። ሰው እንዲድን የሚሳል ብዙ ነው። እኔ የተሳልኩት አንድ የማላውቀው ዓይነ ስውር፣ ወረፋው ደርሶ ግፊቱ ከፍ እንዲልበት ነው።

ሰኞ የተመዘገቡት ሁሉ መጡ። ግድግዳውን ተደግፌ የሰው ፊት ሳነብ ዋልኩ። የሚያስል ሰው ሳይ ልቤ ቀና ይል ነበር። ሽማግሌ በልጁ ተደግፎ ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር፣ እግዜር ይማርዎ ማለት ትቼ ይመለስ ይሆን እያልኩ በሩን አያለሁ። ሰው እንዲህ ይሆናል ብዬ አላምንም ነበር። ራሴን የተጸየፍኩት ያን ቀን ነው።

ማክሰኞም ብቻዬን ሄድኩ፤ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ አንዲት ነርስ ወጣች። አንድ ሰው ስኳራቸው ከፍ ብሎ ተመለሱ፣ ተጠባባቂ ማን አለ አለች። «እኛ» ብዬ ዘልዬ ተነሳሁ፣ ወረቀቱን እያውለበለብኩ።

«በሽተኛው የታሉ?»

«ኮልፌ ናቸው፣ አሁኑኑ አስመጣቸዋለሁ። ሰላሳ ደቂቃ ብቻ።»

ነርሷ ወደ ግቢው አየች። አንድ አዛውንት ልጃቸው እጃቸውን ይዟቸው ተነሱ፤ እሳቸውም ተጠባባቂ ናቸው፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠው ነበር። እሳቸውን አስገባች። እኔን «አዝናለሁ» አለችኝ። ምን ትበል? ወረቀት ዓይን የለው፣ ወረቀቱን አይሠሩት።

ስለቴ ሰመረ። ሰው ቀርቶልኛል። እዚያው መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ።

በዚያች ዕለት ወደ ቤት በእግሬ ነው የሄድኩት፤ ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ ሰው ፊት ማልቀስ ስላልቻልኩ። ጦር ኃይሎች እስክደርስ እናቴን ሳናግራት ነበር። አንቺ ብትኖሪ ይሄን ሁሉ በአንዲት ቃል ትነግሪያቸው ነበር እላታለሁ። እናቴ አባቴ ላይ ማሾፍ ትችል ነበር፤ እኔ መፍራት ብቻ ነው የተማርኩት። አክብሮት ይመስለኝ ነበር። ቤት እንደገባሁ «ነገ አብረን እንሄዳለን፣ አባባ» አልኳቸው። «ዝርዝሩ ሞልቷል፤ ግን ሰው ይቀር እንደሆነ ጠብቁ ብለውናል።»

«ሞልቷል?»

«ሞልቷል።»

ረቡዕ አባቴ ጥቁር ኮታቸውን ለበሱ። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ክሊኒኩ በር ላይ ነበርን። እጃቸውን ስይዝ መዳፋቸው እንጨት ሲያቅፍ እንደኖረ ሻካራ ነበር። አንድ በአንድ ገቡ። ስድስት ሰዓት ላይ አንድ ሰው ብቻ ቀረ፤ ስማቸው ሁለት ጊዜ ተጠርቶ መልስ የለም። ነርሷ ወደ እኛ አየች። አባቴ ኮታቸውን ቆለፉ። በዚያው ቅጽበት አንዲት ሴት እናቷን እየጎተተች በሩን ገባች፤ ከጎጃም ሲመጡ መኪና ተበላሽቶባቸው ነው። አሮጊቷ ጫማቸው ጭቃ ነው፣ ያለከልካሉ። ልጅቷ «ደርሰናል፣ ደርሰናል» ትላለች። ጠላኋት። እናቷን የምትጎትትበትን እጅ ጠላሁት፤ እኔ ማክሰኞ ማድረግ የነበረብኝን ነው የምታደርገው። አሮጊቷ ገቡ። ነርሷም በሩን ዘጋች።

አባቴ የኮታቸውን ቁልፍ መልሰው ፈቱ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፤ «ልጄ፣ ደብዳቤያችን ግን በሰዓቱ ደርሷቸዋል?»

መዝገቧ ሴትዮ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ነበረች። ቀና ብላ አየችኝ።

«ደርሷቸዋል፣ አባባ» አልኩ።

«እንግዲያው ብዙ ሰው ነው የቀደመን» አሉ። «መስመሩ ጥፋት የለበትም።» ትከሻቸው ሲላላ አየሁ። ሴትዮዋ አቀርቅራ መጻፏን ቀጠለች፤ እግዜር ይስጣት።

በማግስቱ ጃንጥላ ገዝቼ ለቤተ ክርስቲያኑ አስገባሁ። ስለት ነውና ይገባል፤ ሰው ቀርቶልኛልና። ሌሎቹ ሴቶች ስለት ሲያስገቡ እልል ይላሉ። እኔን የቆሙት ሰዎች ሲጠብቁኝ አፌ አልከፈት አለኝ። አንዲት እናት በእኔ ፈንታ እልል አሉልኝ፤ ምን ሰምሮልኝ እንደሆነ አላወቁም።

ሞደሟን የሚያይ ሰው የጠራሁት ከሳምንት በኋላ ነው። ጎልማሳ ጠጋኝ መጣ። አባቴ የቀድሞ የመስመር ሠራተኛ መሆናቸውን ሲሰማ ተነስቶ እጅ ነሳ፤ አባቴም ደስ አላቸው። እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ። ጠጋኙ ቁም ሣጥኑን ፈቀቅ አድርጎ ከጀርባው ያለውን ሽቦ ሲጎትት ይሰማኛል።

«አይጥ ነው፣ አባባ» አለ። «ወደ ሞደሟ የሚሄደውን በልቶታል።»

«ድምፁ ግን ጥርት ብሎ ነበር» አሉ አባቴ።

«ወደ ስልኩ የሚሄደውን አልነካውም። ድምፁና ኢንተርኔቱ በአንድ ሽቦ መጥተው እዚህ ነው የሚለያዩት።» ኮምፒውተሩ ላይ የሞደሟን መዝገብ ከፈተና አነበበ። «ይኸው፣ የተቋረጠው ረቡዕ ነው። ያለፈው ሳይሆን፣ የዛሬ ሦስት ሳምንት ረቡዕ ማታ። ከዚያ ወዲህ አንድም ነገር አልወጣበትም።»

ወጥ ቤት ውስጥ ቢላዋ ይዤ ቆምኩ።  አባቴ ቀን ሲቆጥሩ ታወቀኝ፤ እኛ የላክነው በማግስቱ ሐሙስ ነው። ይጠሩኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልጠሩኝም። ጠጋኙን ቁሳ ቁሱን ሲሰበስብ ምሳ ብላ አሉት፣ መረቁት፣ እስከ በር በዳበሳ ሸኙት። ማታ ራት ስንበላም ስለ ሽቦው አላነሱም። የአይጡንም ወሬ ከዚያ ቀን ወዲህ ለእንግዳ ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም።

በማግስቱ ጠዋት የሚተየብ ነገር ነበረኝ። ዳንቴሉን ከመግለጤ በፊት ቆምኩ። ካልጠየቅኋቸው ማወቄን ያውቃሉ፤ ከጠየቅኋቸው ደግሞ ቁስላቸውን እነካለሁ። ጠየቅሁ፤ ሌላ የማውቀው መንገድ አልነበረኝም።

«አባባ፣ መስመር አለ ወይ?»

እጃቸውን ሰደዱ፣ ስልኩን በዳበሳ አገኙት። ከወትሮው በላይ ረጅም ጊዜ አዳመጡ። ቀኝ ዓይናቸው ያን ጊዜ ከመስኮቱ ብርሃን በቀር የሚለየው ነገር አልነበረም፤ ዛሬ እሱም የለም። እጀታውን አስቀመጡና ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ፤ ወደ እኔ ሳይሆን ድምፄ ወደ ነበረበት።

«ድምፅ አለ» አሉ። «ሌላውን አንቺ እይልኝ። እኔን አትፍሪኝ።»

ወንበሩ ተንቋቋ። ሦስት እርምጃ ሄጄ አጎነበስኩና አየሁላቸው።